የአንባቢያን ጥያቄና መልስ፦ «ረጅም ድምፅ ብቻ ለምን ያስነፉኛል?»

በዚህ እትም የትንፋሽ መሣሪያ ተጫዋቾችና አንዲት እናት ከላኩልን ደብዳቤዎች አራቱን እንመልሳለን። የመጀመሪያው ሰፋ ያለ መልስ ስለሚፈልግ አብዛኛውን ቦታ ለእሱ ሰጥተናል።

ጥያቄ፦ የተከበሩ የዓምዱ አዘጋጅ፤ የሃያ አምስት ዓመት ወጣት ስሆን ቴነር ሳክስፎን እጫወታለሁ። ማታ ማታ ስታዲየም አካባቢ በሚገኝ አንድ ሆቴል ከባንድ ጋር እሠራለሁ፤ አልፎ አልፎም ለስቱዲዮ ቀረጻ እጠራለሁ። ባለፈው ዓመት በአንድ አልበም ውስጥ ሁለት ዘፈኖች ላይ ነፍቼ ነበር፤ ሥራው ሲወጣ ግን የእኔ ሳክስፎን ተነሥቶ በኪቦርድ ተተክቶ አገኘሁት። አቀናባሪውን ብጠይቀው «ጣትህ ፈጣን ነው፤ ነገር ግን ዘፋኟን ሸፈንካት» አለኝ። ከዚያ በኋላ በቀድሞው ዘመን በኦርኬስትራ ያገለገሉ አንድ አንጋፋ ተጫዋች ለምኜ፣ ከመስከረም ጀምሮ አምስት ኪሎ ከሚገኘው ቤታቸው እየሄድኩ እማራለሁ። ጋሼ የሚያሠሩኝ ግን ረጅም ድምፅ መያዝ፣ የቆዩ ዘፈኖችን ከነግጥማቸው በአፌ ማዜምና አንዳንድ ቀን ደግሞ ዋሽንት መንፋት ነው። ፈጠን ያለ ነገር ስሞክር «ማን ጠየቀህ?» ይሉኛል። ገንዘብ ስሰጣቸውም አይቀበሉኝም። ጓደኞቼ ከኢንተርኔት በሚያገኙት ትምህርት እየገሰገሱ ነው፤ እኔ ወደ ኋላ የቀረሁ ይመስለኛል። ጊዜዬን እያጠፋሁ ይሆን? ከእሳቸው የምለየውስ መቼ ነው?

ቴነር ተጫዋቹ፣ ከአራት ኪሎ

መልስ፦ ጊዜህን እያጠፋህ አይደለም። አቀናባሪው የነገረህና ጋሼ የሚያሠሩህ ነገር አንድ ነው፤ እሱ ጉድለቱን በአንድ ዓረፍተ ነገር ነገረህ፣ እሳቸው ደግሞ ያንኑ ጉድለት ለማቃናት ወራት ወሰዱ። ለቀረጻ የሚጠራ ሳክስፎን ተጫዋች የሚፈለገው ከዘፋኙ ቀጥሎ ሁለተኛ ድምፅ እንዲሆን ነው፤ ሁለተኛ ድምፅ ለመሆን ደግሞ የመጀመሪያውን ድምፅ ከዘፋኙ ባልተናነሰ ማወቅ ያስፈልጋል።

ቴነር ሳክስፎን አብዛኛው ድምፁ የሰው ድምፅ በሚውልበት ክልል ውስጥ ያለ መሣሪያ ነው። ውበቱም አደጋውም ከዚህ ይመነጫል፤ ዘፋኟ ቃሉን በምታወጣበት ቅጽበት አንተም ከነፋህ ከሁለታችሁ አንዳችሁ መጥፋታችሁ አይቀርም፣ አልበሙ ደግሞ የእሷ ስለሆነ የምትጠፋው አንተ ነህ። ዘፈኑን ከነግጥሙ እንድታዜም የተደረገው ለዚህ ይመስለኛል። ብዙ ዘፈኖቻችን የሚገጠሙበት የወል ቤት ስንኝ እያንዳንዳቸው ስድስት ቀለም ያላቸው ሁለት ሐረጎች አሉት፤ ዘፋኙም ብዙ ጊዜ የሚተነፍሰው በሐረጎቹ መጋጠሚያ ወይም ከቤት መምቻው በኋላ ነው። ለአጃቢው የተተወችው ቦታ ያቺ ናት። ግጥሙን የማያውቅ ተጫዋች ቦታዋን በልኬት ብቻ ሊያገኛት ይሞክራል፤ ልኬቱ ትክክል ሆኖም ወርቁ ያለበትን ቃል በሳክስፎኑ ይደፍነዋል። ግጥሙን የሚያውቅ ግን ሰሙ እስኪነገር ይጠብቃል፣ ወርቁ እስኪወድቅ ይታገሣል፣ ከዚያ በኋላ በሁለት ወይም በሦስት ድምፅ መልስ ይሰጣል። «ማን ጠየቀህ?» የሚለው የጋሼ ጥያቄ ቁጣ ቢመስልህም ቃል በቃል ብትወስደው ይሻልሃል፤ ዘፈኑ ውስጥ አንተን የጠየቀህ ማን ነው፣ የትኛው ስንኝ ነው ማለታቸው ነው።

ወደ ረጅሙ ድምፅ ልመለስ። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ 2,400 ሜትር ገደማ ላይ ያለች ከተማ ናት፤ አየሩ ስስ ነው፣ በበጋ ደግሞ በጣም ደረቅ ነው። በዚህ ከፍታ ሪድ፣ ማለትም በመንፊያው ላይ የሚታሰረው ስስ የሸምበቆ ምላስ፣ ከወትሮው የጠነከረ ሆኖ ይሰማል፤ በቶሎ ይደርቃል፣ ጫፉም ይወላገዳል። ስለዚህ በሌላ አገር ጥንካሬው ቁጥር 3 የሆነ ሪድ የሚነፋ ሰው እዚህ ሲመጣ ወደ 2.5 ቢወርድ የሚያስነውር ነገር የለውም። የጥር ማለዳ ላይ ቀዝቃዛ ስቱዲዮ ውስጥ የምታነሣው ሳክስፎን ድምፁ ዝቅ ብሎ ይጀምርና በትንፋሽህ እየሞቀ ሲሄድ ከፍ ይላል፤ ቀደም ብሎ የተቀረጸው ኪቦርድ ግን ለአንተ ብሎ ከቦታው አይንቀሳቀስም። ይህን ልዩነት በከንፈርና በጉሮሮ ማስተካከል የሚለመደው አንድን ድምፅ ከዝምታ አስነሥቶ፣ አጉልቶ፣ መልሶ ወደ ዝምታ በማድረስ ነው። ፈጣን ሩጫ ውስጥ የተዛባ ድምፅ ሳይታወቅ ሊያልፍ ይችላል፤ በትዝታ ውስጥ አራት ምት የሚቆይ ድምፅ ግን ማምለጫ የለውም።

ቅኝቶቹን በተመለከተ አንድ ምሳሌ ልስጥህና እሳቸው ዘንድ ስትሄድ ሞክረው። ከዶ የተነሣ አምባሰል ዶ፣ ሬ ፍላት (በግማሽ ድምፅ ዝቅ ያለ ሬ)፣ ፋ፣ ሶል፣ ላ ፍላት ነው። ከፋ የተነሣ የትዝታ ማይነር ደግሞ ፋ፣ ሶል፣ ላ ፍላት፣ ዶ፣ ሬ ፍላት ነው። አምስቱ ድምፆች ፍጹም አንድ ናቸው። እንግዲህ ጣትህ አምስቱን ድምፆች በሚገባ ቢያውቅም አምባሰል እየተጫወትክ ይሁን ትዝታ የሚወስነው ሐረጉን የምታሳርፍበት ድምፅ፣ የምታወዛውዘው ድምፅ፣ ወደ ማረፊያው የምትደርስበትም መንገድ ነው። ይህ በኖታ ላይ በደንብ አይጻፍም፤ ከሚያውቅ ሰው አፍ ይሰማል፣ በአፍ ይመለሳል፣ ሲሳሳትም እዚያው ይታረማል። በኢንተርኔት የሚገኘውን ትምህርት አልንቀውም፤ ለጣትና ለንባብ ብዙ ይረዳል። ነገር ግን ቪዲዮው አንተን አይሰማህም፤ አምባሰሉን ትዝታ ላይ ስታሳርፈውም ዝም ብሎ ይቀጥላል።

ዋሽንቱ ያስገረመህ ይመስላል። ጌታቸው መኩሪያን አስታውስ። ከ1927 እስከ 2008 ዓ.ም. የኖሩት እኚህ የቴነር ሳክስፎን ሰው በክራርና በማሲንቆ ጀምረው በኋላ ወደ ክላርኔትና ሳክስፎን የተሻገሩ፣ ከማዘጋጃ ቤት ባንድ ተነሥተው በዛሬው ብሔራዊ ቴአትርና በፖሊስ ኦርኬስትራ ያገለገሉ ናቸው። እስከ ዛሬ የሚነሡበት ሥራቸው ሽለላን ከጀግናው ጉሮሮ ወስደው በሳክስፎን ማሰማታቸው ነው። ያን ያህል ጩኸት፣ ያን ያህል ጉርምርምታና ድንገተኛ መቆራረጥ ከሳክስፎን መማሪያ መጽሐፍ አይገኝም፤ በፊት በጆሮ ውስጥ የነበረ ነገር ነው። ዋሽንትም ለአንተ ይህንኑ ይሠራልሃል። ድምፁን የሚያስተካክልልህ ቁልፍ ስለሌለው ቀዳዳውን በግማሽ መድፈኑን፣ ትንፋሹን ማክረሩንና ማለዘቡን ራስህ ታደርጋለህ፤ ወደ ሳክስፎን ስትመለስ ጉሮሮህ ያንን ይዞ ይመለሳል።

ከዚህ ሁሉ በላይ ግን የጋሼን ቤት ዋጋ የሚያስረዳው ታሪክ ይመስለኛል። በ1916 ዓ.ም. ራስ ተፈሪ ከኢየሩሳሌም ያስመጧቸው አርባ አርመናውያን ወጣቶች በኬቮርክ ናልባንድያን መሪነት አዲስ አበባ ከገቡ ወዲህ፣ በዚህች ከተማ የትንፋሽ መሣሪያ ትምህርት ቤቱ በአብዛኛው ባንዱ ራሱ ነበር። የክብር ዘበኛው፣ የጦር ሠራዊቱ፣ የፖሊሱና የማዘጋጃ ቤቱ ባንዶች፣ የኬቮርክ የወንድም ልጅ ነርሲስ ናልባንድያን የደከሙበት የቴአትር ቤቱ ኦርኬስትራም ጭምር፣ አዲስ ገቢውን ከነባሩ ጎን ሁለተኛ ወንበር ላይ ያስቀምጡት ነበር። ሁለተኛው ተጫዋች የመጀመሪያውን ትንፋሽ ሰምቶ ይተነፍሳል፣ እሱ ሲያጎላ ያጎላል፣ እሱ ሲቆርጥ ይቆርጣል፤ ማንም «ዛሬ ትምህርት ነው» ሳይለው ሙያው ይገባዋል። በደርግ ዘመን የሰዓት እላፊው የሌሊቱን ሥራ አሳጠረው፤ ከዚያም ኪቦርድ ሦስትና አራት የትንፋሽ ተጫዋቾች የሚሠሩትን አንድ ሰው በሁለት እጁ እንዲሠራው አደረገ። ሳክስፎን ፈጽሞ አልጠፋም፤ ብዙ ጊዜ የቀረው ግን አንድ ብቻ ነው። አንድ ተጫዋች ብቻ ባለበት ባንድ ውስጥ ሁለተኛ ወንበር የለም። አንተም ሆቴሉ ውስጥ ከጎንህ የሚያርምህ ሰው ሳይኖር ብቻህን ቆመህ ነፍተሃል። ዛሬ በአምስት ኪሎ ያገኘኸው ያንን የጠፋውን ወንበር ነው።

ስለዚህ የምጠይቅህ ሌላ ነገር ነው፤ ጋሼ አሁንም ለሥራ የሚወጡ ከሆነ አብረህ እንድትሄድ ፍቀዱልኝ በላቸው። ሳክስፎንህን አትያዝ፤ የእሳቸውን ሣጥን ያዝ። ስቱዲዮ ውስጥ ከመንፋታቸው በፊት የሚያደርጉትን ተመልከት። ማይክሮፎኑ የት እንደተተከለ እይ፤ የሳክስፎን ድምፅ ከአፉ ብቻ ሳይሆን ከቀዳዳዎቹም ስለሚወጣ ልምድ ያለው ተጫዋች ማይክሮፎኑ የሳክስፎኑ አፍ ውስጥ ሲገባበት ዝም አይልም። የጆሮ ማዳመጫውን አንዱን ወገን ገለጥ አድርገው የራሳቸውን ድምፅ በባዶ ጆሮ መስማታቸውን፣ አቀናባሪው የዘፈነላቸውን ሐረግ መልሰው በአፋቸው ማዜማቸውን፣ ለአንድ ሐረግ ሁለት አማራጭ ነፍተው ምርጫውን ለአቀናባሪው መተዋቸውን ልብ በል። አቀናባሪው የትንፋሽ ክፍል እንዲመስል አንዱን ሐረግ ደጋግመህ በላይ በላዩ እንድትነፋ ሲጠይቅህ ደግሞ እያንዳንዱ ድምፅ ከቀድሞው ጋር እኩል ጀምሮ እኩል ማለቅ አለበት፤ ያን ጊዜ የረጅም ድምፁ ልምምድ ዋጋውን ይከፍልሃል።

የጣት ሥራም ቢሆን አለ፤ የሚያስፈልገው ግን ከሩጫ ይልቅ ሽግግር ነው። ዘፋኟ «ግማሽ ድምፅ ከፍ አድርጉልኝ» ስትል ኪቦርዲስቱ አንድ ቁልፍ ይጫናል፣ አንተ ግን ሁሉንም በጣትህ ትቀይራለህ። ኪቦርዱ ዶ ሲል ቴነር ሬን፣ አልቶ ደግሞ ላን እንደሚይዝ ታውቃለህ፤ አራቱን ቅኝቶች በአሥራ ሁለቱም ስኬሎች ሳታስብ መያዝን እስክትደርስበት ተለማመድ። ክላርኔትና ፍሉት መጨመርም የሥራ በር ይከፍታል። ፍሉት እንደ ሳክስፎን በኦክታቭ፣ ማለትም ወደ ስምንተኛው ድምፅ፣ ስለሚዘል ጣቱ ቶሎ ይለመዳል፣ አስቸጋሪው ከንፈሩ ነው። ክላርኔት ግን የላይኛውን ክልል በሚከፍተው ቁልፍ የሚዘለው ወደ ስኬሉ አሥራ ሁለተኛ ድምፅ በመሆኑ የላይኛው ጣት ከታችኛው ይለያል፤ ለእሱ ጊዜ መድብለት።

ገንዘብ አለመቀበላቸውን እንደ ዕዳ አትቁጠረው፤ ባዶ እጅህን ግን አትሂድ። ቡናና ስኳሩ እንዳለ ሆኖ፣ እዚህ አገር በቀላሉ የማይገኝ ጥሩ ሪድ ከውጭ ከሚመጣ ሰው አስመጥተህ ብትሰጣቸው ከብር የበለጠ ያስደስታቸዋል ብዬ አምናለሁ። የምትለይበትን ጊዜ ደግሞ አንተ አትወስነው። በዚህ ሙያ የመጀመሪያው ጥሩ ሥራ ብዙ ጊዜ የሚመጣው በተተኪነት ነው፤ አንጋፋው ሊሄዱ ባልቻሉበት ቀን «ልጁን ጥሩት» ይላሉ። ያን ቃል ከሰማህ በኋላ መመላለሱ ሊቀንስ ይችላል፤ ከሙዚቀኛ መምህሩ ጋር ግን የሚለያይ ተማሪ እኔ እምብዛም አላየሁም።

ጥያቄ፦ ልጄ የሒሳብ ሥራ ትምህርቱን ጨርሶ በሳክስፎን እኖራለሁ ይላል። ልከለክለው አልፈልግም፤ ግን እንጀራ ይሆነዋል?

አንዲት እናት፣ ከፒያሳ

መልስ፦ እናቴ፣ እንጀራ ይሆነዋል፤ ግን እንደ መሥሪያ ቤት ደመወዝ በየወሩ እኩል አይመጣም። ቋሚ ደመወዝ ያለው የትንፋሽ ተጫዋች የሚገኘው እንደ ብሔራዊ ቴአትርና በ1927 ዓ.ም. እንደተመሠረተው ሀገር ፍቅር ባሉ ቴአትር ቤቶች፣ እንዲሁም በፖሊስና በመከላከያ የሙዚቃ ክፍሎች ነው፤ ቦታው ጥቂት ስለሆነ ፉክክሩ ብርቱ ነው። ሌላው ተጫዋች ሆቴል፣ ሠርግ፣ ቀረጻ፣ የመንፈሳዊ መዝሙር ሥራና የግል ተማሪ ደባልቆ ይኖራል።

በዚህ ኑሮ ውስጥ ወጣቶች የሚዘነጉት የቀን መቁጠሪያውን ነው። ጥር ሠርግ የሚበዛበት ወር ነው፤ ሁዳዴ ሲገባ ሃምሳ አምስት ቀን ሠርጉም ጭፈራውም ይቀዘቅዛል፤ ከፋሲካ በኋላ እንደገና ይነሣል፤ ክረምት ደግሞ ዝናቡና ጭቃው የራሱን ያህል ይቀንሰዋል። በጥር የተገኘውን በጥር የሚጨርስ ልጅ በመጋቢት የቤት ኪራይ ይቸግረዋል። ልጅዎ ሒሳብ መማሩ እዚህ ላይ ይጠቅመዋል፤ በሙያው ካሉት ብዙዎቹ ያልያዙት ዕውቀት ነው። የመጀመሪያዎቹን ዓመታት የግማሽ ቀን የሒሳብ ሥራ ይዞ ማታ ቢጫወት ምክሬ ነው። ያገለገለ ሳክስፎን ሊገዛ ከሆነ ደግሞ በውጭ መብረቁ እንዳይታለል፤ ቀዳዳዎቹን የሚከድኑት ለስላሳ ንጣፎች ካረጁ አየር ያፈስሳሉ፣ እነሱን ማስቀየርም በከተማው ጥቂት ሰዎች ብቻ የሚሠሩት ውድ ሥራ ነው። ከመክፈሉ በፊት የሚያውቅ ተጫዋች ዝቅተኛዎቹን ድምፆች ቀስ አድርጎ ይንፋለት፤ ዝቅተኛው ድምፅ በለሆሳስ ካልወጣ መሣሪያው ያፈስሳል።

ጥያቄ፦ ዋሽንት እነፋለሁ። ስቱዲዮ ስጠራ ዋሽንቴ ከኪቦርዱ ጋር አይገጥምም፤ አቀናባሪው «በኮምፒዩተር አስተካክለዋለሁ» ይለኛል፣ ሲወጣ ግን የእኔ ድምፅ አይመስልም። ሸምበቆውን ልቁረጠው?

ዋሽንተኛዋ፣ ከልደታ

መልስ፦ እህቴ፣ አትቁረጪው። ከታች ስትቆርጪው ዝቅተኛው ድምፅ ከፍ ይላል፣ የአራቱ ቀዳዳዎች ርቀት ግን እንደነበረ ስለሚቀር የቅኝቱ ልኬት ይዛባል፤ የተቆረጠ ሸምበቆ ደግሞ መልሶ አይረዝምም። ዋሽንተኞች የተለያየ ርዝመት ያላቸውን ዋሽንቶች በአንድነት ይዘው የሚዞሩት ለዚህ ነው፤ ለእያንዳንዱ ስኬል የተበጀ አንድ አለ። አንቺም ለስቱዲዮ ሥራ የሚሆን ስብስብ በኪቦርድ እየተለካ እንዲበጅልሽ አድርጊ፣ በእያንዳንዱም ላይ ስኬሉን ጻፊበት። በጥሪው ቀን ሳይሆን በዋዜማው «ስኬሉ ስንት ነው? ቅኝቱስ?» ብለሽ ጠይቂ። የሚስማማ ከሌለሽ እውነቱን ተናገሪ፤ አቀናባሪው ዘፋኙ ሳይቀረጽ በፊት ስኬሉን በግማሽ ድምፅ ለማንቀሳቀስ ብዙ ጊዜ አይቸግረውም፣ ከቀረጸ በኋላ ግን ይቸግረዋል። በኮምፒዩተር ድምፁ ሲጎተት ትንፋሹም አብሮ ስለሚጎተት ነው የአንቺ የማይመስለው።

ጥያቄ፦ ከዓመታት በፊት ክላርኔት የነፋሁበት ዘፈን አሁን በማስታወቂያ ላይ ይሰማል። የተከፈለኝ የዕለቱ ብቻ ነው። መብት አለኝ?

ክላርኔት ተጫዋች፣ ከሜክሲኮ

መልስ፦ የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 ከደራሲው በተጨማሪ ሥራውን ለሚከውነውም ሰው ተዛማጅ መብት ይሰጣል፤ ይህ የሙዚቃ መሣሪያ ተጫዋቹንም ይጨምራል፣ ጥበቃውም 50 ዓመት ይዘልቃል። በ2007 ዓ.ም. በአዋጅ ቁጥር 872 የተደረገው ማሻሻያ ደግሞ የሮያሊቲ፣ ማለትም ሥራው ጥቅም ላይ ሲውል ለባለመብቱ የሚከፈለውን ገንዘብ፣ አሰባሰብ የሚመለከቱ ድንጋጌዎች ጨምሮበታል። ይሁን እንጂ የእርስዎ ጉዳይ የሚወሰነው በዕለቱ በተስማሙት ነገር ነው፤ የፈረሙት ወረቀት ካለ ይፈልጉትና መብትዎን አስተላልፈው እንደሆነ በጠበቃ ያስመርምሩት። ወረቀት ከሌለ ደግሞ የነፉ መሆንዎን የሚያሳይ ማስረጃ፣ የአልበሙን ሽፋን፣ የክፍያ ደረሰኝ ወይም አቀናባሪው በወቅቱ የላከልዎትን መልእክት ያሰባስቡ። ለወደፊቱ ቀረጻ ከመጀመሩ በፊት በአንድ ገጽ ላይ የዘፈኑ ርዕስ፣ የተነፋው መሣሪያ፣ የተከፈለው ገንዘብ፣ ለማስታወቂያ ወይም ለፊልም ከዋለ የሚታሰበው ተጨማሪ ክፍያና ስምዎ በሽፋኑ ላይ እንዴት እንደሚጻፍ ተጽፎ በሁለታችሁ ይፈረም። አብዛኞቹ አቀናባሪዎች ይህን በጨዋነት ሲጠየቁ አይከፉም፤ የሚከፋ ካጋጠመዎት ሣጥንዎን ከመክፈትዎ በፊት ማወቅዎ ይጠቅምዎታል።